ከጉድጓዱ እስከ ድስቱ

በስምጥ ሸለቆ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ሲወጣ፣ ከሰፈሩ ሰው እልልታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ፍሎራይዱ ስንት ነው?» የሚል ነው። መልሱ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጉድጓዱ ይመረቃል፤ ከበለጠ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እኔ ዕድሜዬን በውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ይህን ቁጥር ሳነብና ስጽፍ ነው የኖርኩት። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ተወልጄ ስላደግሁ የራሴም ጥርስ የበለዘ ነው። የአብሮ አደጎቼም እንዲሁ። ስለዚህ 1.5 ለእኔ የመመሪያ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ብቻ አይደለም። ማን አወጣው? ማንን አይቶ? በምን ለክቶ? የሚለው ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ዕረፍት ነስቶኛል። ያገኘሁትን ታሪክ ነው እዚህ የማወጋው፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥርስ ሐኪም ወንበር ነው። በ1901 ፍሬደሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ሥራ ሲጀምር፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ነጠብጣብና ጭረት ያለበት ሆኖ አገኘው። በተማረበት መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጄ. ኤም. ኢገር የተባለ የአሜሪካ የመንግሥት ሐኪም፣ በጣሊያን ኔፕልስ አካባቢ ከሚነሱ ስደተኞች መካከል ጥርሳቸው የጠቆረ ሰዎችን አይቶ ጽፎ ነበር። የኔፕልስ ዙሪያም እንደ እኛው ሀገር የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ ያኔ ግን ሁለቱን ያገናኘ አልነበረም።

ማኬይ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው የጥርስ ሊቅ ከግሪን ቫርዲማን ብላክ ጋር ተባብሮ ለዓመታት ተመራመረ። ብላክ በ1915 ሞተ፤ ማኬይ ግን አላቆመም። ሁለቱ ያወቁት ትልቅ ነገር ቢኖር ጥርሱ የሚበልዘው ከድድ ሥር ሆኖ ሽፋኑ በሚሠራበት በልጅነት ጊዜ ብቻ መሆኑን ነው። አዋቂ ሆኖ ወደ ከተማዋ የመጣ ሰው ጥርሱ አይነካም። እዚያ ያደገ ልጅ ግን ወደየትም ቢሄድ ምልክቱን ይዞ ይኖራል። ይህ ለአደጋ ምዘና ትልቅ ስጦታ ነበር። ሌሎች ብዙ መርዞች ከሰውነት ሲወጡ ማስረጃቸውም አብሮ ይጠፋል፤ ፍሎራይድ ግን የስምንት ዓመት ልጅ የጠጣውን ውሃ በሰባ ዓመቱም በአፉ ላይ ያሳያል።

ማኬይ ውሃውን ጠረጠረ፤ አስመረመረም። በዘመኑ የነበረው የውሃ ምርመራ ግን ምንም አላገኘም፤ ፍሎራይድን የፈለገ ሰው አልነበረምና። በ1923 ወደ አይዳሆዋ ኦክሊ ከተማ ተጠራ። እናቶቹ የነገሩት ግልጽ ነበር፤ የልጆቻቸው ጥርስ መበለዝ የጀመረው ከሩቅ የሞቀ ምንጭ ቧንቧ ከተሳበ በኋላ ነው። ማኬይ ተጠያቂው ኬሚካል ምን እንደሆነ ሳያውቅ «ቧንቧውን ተዉት» አላቸው። ተዉት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚበቅለው የሕፃናት ጥርስ ንጹሕ ሆነ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እናቶቹን አደንቃለሁ። ከማንም በፊት ከቧንቧው በፊትና ከቧንቧው በኋላ የነበሩትን ልጆች አነጻጽረው መልሱን ያገኙት እነሱ ናቸው።

ስሙ የታወቀው በ1931 ነው። በአርካንሳስ ቦክሳይት የምትባል የማዕድን ከተማ ነበረች፤ አልኮዋ የተባለው የአልሙኒየም ኩባንያ ሠራተኞች የሚኖሩባት። እዚያም የልጆች ጥርስ በልዞ ተገኘ። በዚያን ጊዜ የአልሙኒየም ድስት ይመርዛል የሚል ወሬ በስፋት ይናፈስ ስለነበር ኩባንያው ሰጋ፤ ዋና ኬሚስቱ ኤች. ቪ. ቸርችልም ውሃውን በስፔክትሮግራፍ አስመረመረ። የተገኘው ማንም ያልጠበቀው ነበር፤ በሊትር 13.7 ሚሊግራም ፍሎራይድ። በዚያው ዓመት በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ማርጋሬት ካማክ ስሚዝና ባልደረቦቿ ሴንት ዴቪድ ከምትባል መንደር ውሃ ወስደው አነጠሩትና አይጦችን አጠጡ፤ የአይጦቹም ጥርስ ተበላሸ። በሰሜን አፍሪካ ደግሞ ቬሉ የተባለው ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም በሞሮኮ የፎስፌት ምድር የሚግጡ በጎች ጥርስ የሚበላሸው በዚሁ በፍሎራይድ ምክንያት መሆኑን አሳየ። አንዱ በኬሚስትሪ፣ ሌላው በቤተ ሙከራ እንስሳ፣ ሦስተኛው በግጦሽ መስክ፤ ሳይነጋገሩ በአንድ ዓመት አንድ ቦታ ደረሱ። ዛሬም አንድ ኬሚካል ሰውን ይጎዳል ለማለት የምንሻው እንዲህ ያለ የሦስት ወገን ምስክርነት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሰው አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ትሬንድሊ ዲን ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ መሐንዲስ እሱ ነው። ጎጂው ከታወቀ በኋላ የቀረው ጥያቄ «ምን ያህል ሲሆን ነው የሚጎዳው?» የሚለው ነበር፤ ይህን ለመመለስ ደግሞ ሁለት መለኪያ ያስፈልጋል፤ አንድ ለውሃው፣ አንድ ለሰው። የውሃውን ባልደረባው ኤልያስ ኤልቮቭ ሠራለት፤ እስከ 0.1 ሚሊግራም ድረስ በቀለም የሚለይ ዘዴ። የሰውን መለኪያ ዲን ራሱ በ1934 አወጣ። ጥርስን ከጤናማ እስከ ከባድ በደረጃ ከፋፈለ፤ ኋላም ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጠ፤ ጤናማው 0፣ አጠራጣሪው 0.5፣ ከዚያ 1፣ 2፣ 3፣ ከባዱ 4። ከአንድ ልጅ አፍ ውስጥ በጣም የተጎዱት ሁለት ጥርሶች ይታያሉ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የሚመዘገበው ያነሰ ጉዳት ያለው ነው። ይህች ትንሽ ደንብ የዲንን ጥንቃቄ ታሳያለች፤ በአንድ መጥፎ ጥርስ ብቻ ውሃን መወንጀል አልፈለገም።

በ1942 ባሳተመው ጥናት፣ ከአራት ግዛቶች 21 ከተሞች ከ12 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 7,257 ልጆች ተመርምረዋል። ፍሎራይዱ 1 ሚሊግራም አካባቢ በሆነባቸው ከተሞች የልጆቹ ጥርስ በትል የሚበላው በግልጽ አንሶ፣ መበለዙም እምብዛም ሳይታይ ተገኘ። ከዚያ በላይ ሲሄድ ቀለሙ እየጠቆረ ይመጣል። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ዲን የፈለገውን ብቻ ነው። የፈለገው በጥርስ ላይ ጥቅምና ጉዳት የሚመጣጠኑበትን ነጥብ ነበር። አጥንት አልለካም፤ ምግብ አልለካም፤ በቀን ስንት ሊትር ትጠጣላችሁ ብሎም አልጠየቀም። ለሄደበት ዓላማ የሠራው ሥራ እንከን አይወጣለትም። ከዚያ ወዲህ የመጣነው ግን ብዙውን ጊዜ ውጤቱን ካልተለካበት ቦታ ላይ ተክለነዋል።

የአጥንቱ ነገር የታወቀው በሌላ መንገድ ነው። በ1932 ኮፐንሃገን ውስጥ ሞለርና ጉድዮንሰን የተባሉ ሐኪሞች፣ ከግሪንላንድ የሚመጣ ክሪዮላይት የሚባል ድንጋይ የሚፈጩ ሠራተኞችን ሳንባ በራጅ እያዩ ነበር፤ የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት እንደሆነ ለማወቅ። ፊልሙ ላይ ያዩት ግን እጅግ ነጭ፣ እጅግ የጠጠረ አጥንት ነው። ካይ ሮሆልም ጉዳዩን ተከታትሎ በ1937 ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት በሕንድ ማድራስ ግዛት ሾርትና ባልደረቦቹ፣ ፋብሪካ በሌለበት ገጠር የጉድጓድ ውሃ ብቻ ጠጥተው ጀርባቸው የደረቀ፣ አንገታቸው አልዞር ያለ ገበሬዎችን ገለጹ። ፍሎራይድ ወደ አጥንት ገብቶ ለዓመታት ይከማቻል፤ አጥንቱ ይጠጥራል፣ ጅማቱ ይደነድናል፣ አከርካሪው ይገታል። እየባሰ ሲሄድ ሕብለ ሰረሰሩ ተጨቁኖ እግር ይሰንፋል። ጥርስ በልጅነት ይነካና ያበቃል፤ አጥንት ግን ውሃው እስከተጠጣ ድረስ ይቀበላል።

ወደ ሀገራችን ልምጣ። ኤች. ቪ. ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ ለሸንኮራ እርሻው አዲስ ቦታ ይፈልግ ነበር። በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ማምረት ጀመረ፤ የሸዋው ፋብሪካ በ1962 ተከተለ። ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ ሸንኮራ ቆራጭ ወደ አዋሽ ሜዳ ወረደ። የሠራተኛ መንደሮች ተመሠረቱ፣ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ጥርት ያለና ከወንዝ ወለድ በሽታ የጸዳ ስለሆነ በዘመኑ ሚዛን የተሻለው ውሃ ነበር። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ጉድጓድ በሊትር ከ10 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ይዞ ነበር።

ምክንያቱ ከመሬቱ ነው። የስምጥ ሸለቆ ዐለት እሳተ ገሞራ የተፋው ሲሆን ፍሎራይድ በውስጡ አለ። ውሃው ደግሞ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት ነው። ካልሲየም በበቂ ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር፤ ስለሌለ ግን ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይቀራል። ሻላና አቢያታን የመሰሉ ሐይቆች ፍሎራይዳቸው እጅግ የበዛውም በዚሁ ጠባይ ላይ ትነት ስለተጨመረበት ነው።

በ1970ዎቹ ጀርባቸው የጎበጠ፣ እግራቸው የከዳቸው የወንጂ ሠራተኞች በሐኪሞች ዘንድ መታወቅ ጀመሩ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን ከሆስፒታል አልጋ አውጥቶ ወደ መንደር ወሰደው። ከመረመሯቸው በስምጥ ሸለቆ ተወልደው ካደጉ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርስ በየደረጃው በልዞ ተገኘ። የአጥንቱ ሕመም የታየው ከአሥር ዓመት በላይ እዚያ በቆዩት ላይ ነው። ይህን ጥናት ሳነብ በሰንጠረዡ ውስጥ የራሴን ሰፈር ልጆች አየሁ። እስከዚያ ጊዜ ጥርሳችን የመንደራችን መለያ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን መጠንና ምክንያት ያለው ጉዳት ሆነ።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፤ የእድሜ ልክ ሥራዬ ነውና። የድሮው የቀለም ዘዴ በዓይን ማመሳከር ይጠይቅ ነበር፤ ጨለም ባለ ክፍልና በደማቅ ፀሐይ የሚሰጠው ንባብ ይለያያል። በ1966 ፍራንትና ሮስ የተባሉ ሳይንቲስቶች ከላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል የተሠራ ኤሌክትሮድ ይፋ አደረጉ። ፍሎራይድን ለብቻው ለይቶ በኤሌክትሪክ ያነባል፤ በእጅ ተይዞ መስክ ይወጣል። ግን ውሃው ውስጥ አልሙኒየም ካለ ፍሎራይዱን አቅፎ ይደብቀዋል። በሕንድ ናግፑር ተሠርቶ በናልጎንዳ ወረዳ ስም የሚጠራው ውሃ ማጣሪያ ዘዴ ደግሞ የሚጠቀመው አልሙኒየም ያለበትን ሻብና ኖራ ነው። ስለዚህ ናሙናው ላይ አልሙኒየሙን የሚያስለቅቀው መደላድል ፈሳሽ ካልተጨመረ፣ የተጣራው ውሃ በማሽኑ ላይ ከእውነቱ በላይ ንጹሕ መስሎ ይታያል። ለወጣት ቴክኒሻኖች ይህን ደጋግሜ ነው የምነግራቸው፤ እዚህ ላይ የተዘለለች አንዲት ጠብታ መንደርን ታሳስታለችና።

በዚህ መሀል የአደጋ ምዘና ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በ1954 ሌማንና ፊትዝሂው የተባሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሳይንቲስቶች፣ እንስሳን ያልጎዳውን መጠን ለ100 አካፍለን ለሰው እንፍቀድ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1983 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሥራውን በአራት ደረጃ ከፈለው፤ ጎጂነቱን መለየት፣ መጠንና ጉዳትን ማዛመድ፣ ሰው ምን ያህል እንደሚደርሰው ማወቅ፣ ከዚያ አደጋውን መግለጽ። ለፍሎራይድ የ100 ክፍፍሉ አይሠራም፤ ይጠቅማል የሚባለውና የሚጎዳው መጠን ተጎራብተው ነው ያሉት። እኛ የጎደለን ግን ሦስተኛው ደረጃ ነው። ሰው ምን ያህል ይደርሰዋል?

ይህን ቀድሞ ያነሳው የሙቀት ጉዳይ ነው። በ1957 ጋላጋንና ቨርሚሊየን፣ የአየሩ ሙቀት ሲጨምር ልጆች የሚጠጡት ውሃ እንደሚጨምር በቀመር አሳዩ። በ1962 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በዚህ ተመርቶ ለቀዝቃዛ አካባቢ 1.2፣ ለሞቃት 0.7 ሚሊግራም ድረስ የሚወርድ ሠንጠረዥ አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1984 መመሪያው 1.5ን ሲያስቀምጥ፣ አገሮች የአየር ንብረታቸውን፣ የሚጠጡትን መጠንና ሌላውን የፍሎራይድ ምንጭ እያዩ የራሳቸውን ወሰን እንዲያወጡ አብሮ መክሯል። ታንዛኒያ ሌላ ውሃ ማግኘት ስላቃታት ለገጠር ጊዜያዊ ወሰኗን 8 አድርጋ ነበር። የኢትዮጵያ አስገዳጅ ደረጃ በ2013 1.5ን ይዟል። ቁጥሩን ወሰድን፤ ምክሩን ግን በበቂ አልተከተልነውም ብዬ አምናለሁ።

በአንድ መንደር የድስት ናሙና ልሰበስብ ገብቼ አንዲት እማማን ጠየቅኋቸው። «እማማ፣ ለሽሮው ስንት ሊትር ውሃ ጨመሩ?» «ልጄ፣ እስኪበቃው ነዋ! ሲወፍር እጨምርበታለሁ፣ ሲቀጥን እስኪንተከተክ እተወዋለሁ።» መልሳቸው ትክክል ነው፤ የእኔ ቅጽ ላይ ግን የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። የተጨመረው ውሃ ይተናል፤ ፍሎራይዱ አይተንም። በሊትር 3 ሚሊግራም ካለበት ውሃ ሁለት ሊትር ድስት ውስጥ ገብቶ ወደ አንድ ሊትር ቢመለስ፣ የቀረው ወጥ 6 ሚሊግራም ይዟል። ውሃን ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን ያከማቻል። የእንጀራው ቡኮ በዚያው ውሃ ተቦክቷል፤ ቡናው በዚያው ፈልቷል፤ ሻይ ቅጠል ደግሞ ተክሉ ራሱ ፍሎራይድ ይዞ ነው የሚመጣው። ከኖርዌይ በርገን የመጡ ተመራማሪዎች በወንጂ መንደሮች ልጆች የሚበሉትን ያህል በሌላ ሳህን እያስቀመጡ በመለካት ይህን መንገድ ጠርገዋል። ፕሮፌሰር ረዳም በ2014 ባሳተሙት ጥናት በስምጥ ሸለቆ የአገር ውስጥ መጠጥ አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች አጥንት ይበልጥ እንደሚጠቃ አሳይተዋል። ጠላው የሚጠመቀው ከዚያው ጉድጓድ ነው።

የዓለም አቀፉ የኬሚካል ደህንነት ፕሮግራም በ2002 የሕንድና የቻይናን ማስረጃ መርምሮ፣ ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ በቀን 14 ሚሊግራም በአጥንት ላይ ግልጽ ጉዳት እንደሚያመጣ፣ ከ6 በላይም የሚያሰጋ ምልክት እንዳለ ጻፈ። እዚህ ላይ ሒሳቡን እንሥራው። በቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ የቢሮ ሠራተኛ 1.5 ካለበት ውሃ 3 ሚሊግራም ያገኛል። በወንጂ ፀሐይ አምስት ሊትር የሚጠጣ ሸንኮራ ቆራጭ ከዚያው «ደህና» ከተባለ ውሃ 7.5 ያገኛል፤ ወጡ፣ እንጀራውና ሻዩ ገና አልተደመረም። ጉድጓዱ ሕጉን አሟልቷል፤ ሰውየው ግን ከስጋቱ መስመር አልፏል።

ስለ ዲን አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ2010 የፍሎራይድን መጠንና ጉዳት እንደገና ሲያሰላ፣ ከሁለት መቶ ልጆች በአንዱ ላይ ከባድ መበለዝ የሚያመጣውን መጠን በዘመናዊ ስሌት ፈለገ፤ የተመረኮዘውም የዲንን የ1942 ልጆች ነው። የስሌቱ የታችኛው ወሰን 1.87 ሚሊግራም በሊትር ወጣ። ከዚያ በልጆች ውሃና ምግብ በኩል ወደ ሰውነት ክብደት ቀይረው በኪሎ 0.08 ሚሊግራም በቀን አደረጉት። ሥራ በጥንቃቄ ሲመዘገብ ከሰባ ዓመት በኋላ ያልታሰበ ጥያቄ እንደሚመልስ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

አሁን ጥያቄው ከጥርስና ከአጥንት አልፎ ወደ አእምሮ ገብቷል። በሜክሲኮና በካናዳ የነፍሰ ጡር እናቶችን ሽንት መርምረው ልጆቹን ለዓመታት የተከተሉ ጥናቶች ወጥተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዝ ጥናት ፕሮግራም በ2024 በሊትር ከ1.5 በላይ የሆነ ፍሎራይድ ከልጆች የማሰብ ችሎታ ማነስ ጋር እንደሚያያዝ በመካከለኛ እርግጠኝነት ደምድሟል። በእኛው ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ቴዎድሮስ ራንጎ ጎደቦና ባልደረቦቹ በ2023 ባሳተሙት የሙከራ ጥናት 74 ልጆች ተሳትፈዋል፤ የሚጠጡት ውሃ ፍሎራይድ ከ0.4 እስከ 15.5 ሚሊግራም ይደርሳል። ልጆቹ ከተጠየቁት አንዱ አህያ፣ ቤትና ሰው መሳል ነበር። የውጭ ሀገር የቃላት ፈተና ለገጠር ልጅ ከሚሰጥ ይልቅ ሁልጊዜ የሚያየውን እንዲስል መጠየቅ ትክክለኛ መለኪያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፍሎራይዱ ከፍ ባለበት መንደር ሥዕሎቹ ላይ ስሕተት በዝቷል።

74 ልጅ ትንሽ ነው፤ አጥኚዎቹም የሙከራ ጥናት ያሉት ለዚህ ነው። ትልቁ ጥናት ከእርግዝና መጀመር አለበት፤ ከእናቲቱ ሽንትና ከድስቷ። ለእሱ የሚያስፈልገው አብዛኛው በእጃችን ነው። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እያንዳንዷን ነፍሰ ጡር በስም ታውቃለች፤ ኤሌክትሮዱ በየክልሉ ላቦራቶሪ አለ፤ የዲን ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ ይታተማል። የጉድጓድ መዝገባችን ላይ ደግሞ ከፍሎራይዱ ዓምድ ጎን «የቤተሰብ ድስት፣ ሚሊግራም በቀን» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር፤ ጉድጓዱ የሚመረቀውም ሁለቱም ዓምዶች ሲሞሉ ይሁን።